ዕድሜውን የወረሰ ሙታኑንም ይውረስ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ መከላከያ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ከ1983 ዓ.ም. በፊት በጦር ሜዳ የወደቁ የሠራዊቱ አባላት ስም ተመዝግቦ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣

በየዓመቱ ጥቅምት 15 የሠራዊት ቀን ይከበራል። ቀኑ የተመረጠው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮቻቸውን ሲሾሙ የጦር ሚኒስቴሩን ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ መስጠታቸውን መነሻ በማድረግ ነው። በ2015 ዓ.ም. በዓሉ 115ኛ ዓመት ተብሎ ሲከበር ስሰማ፣ እንደ አንድ የቀድሞ ሠራዊት መኮንን ደስ አለኝ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ሠራዊቱም ያን ቀን እንደተወለደ ሲነገረን ነው የኖርነው። ዛሬ የሠራዊቱ ዕድሜ ከ1900 ከተቆጠረ ግን የንጉሡም ዘመን፣ የደርግም ዘመን ሠራዊት የእናንተው ነው ማለት ነው። ዕድሜ የወረሰ ደግሞ ዕዳም ይወርሳል። ከዕዳዎቹ አንዱ ስማቸው በይፋ ያልተነገረ ሙታን ናቸው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ከእነርሱ ስለ አንዱ፣ በእርሱም በኩል ስለ ሌሎቹ ነው።

የዚህን ሰው ስም እዚህ አልጠቅስም። እኅቱ፣ «ጋሼ፣ መንግሥት ሳይጽፈው ጋዜጣ አይጻፈው» ስላለችኝ ነው። ለሚመለከተው ክፍል በእጅ በማቀርበው ማመልከቻ ላይ ግን ከነአያቱ፣ ከነማዕረጉና ከነመለያ ቁጥሩ ሰፍሯል።

የተገናኘነው በ1962 ዓ.ም. ሐረር፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦር አካዳሚ ነበር። አካዳሚው በ1950 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ያደራጁት ከህንድ የመጡ መኮንኖች ናቸው። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ሲሆን፣ ቀለሙም ወታደራዊውም ጎን ለጎን ይሰጥ ነበር። ጠዋት ሂሳብና ታሪክ ተምሮ ከሰዓት በኋላ መሣሪያ ፈትቶ መግጠም ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተለቀምን ልጆች በአንድ መኝታ ቤት ተደባለቅን። እኔ ከደሴ መጣሁ፤ እርሱ ከጎሬ። የጎሬ ልጅ ዝናብ የጠገበ ነው፤ የሐረር ፀሐይና የውኃ ቁጠባ ግን መጀመሪያ ላይ አስመርሮት ነበር። አልጋችን ጎን ለጎን ስለነበር የአንዳችን ጫማ ሳይወለወል ቢያድር ሁለታችንም እንቀጣ ነበር። ወንድማማችነታችን እንዲህ ተጀመረ።

ሂሳብ ይችል ነበር፤ ካርታ ማንበብ ደግሞ ከሁላችንም በላይ። የሌሊት ልምምድ ሲኖር ከሐረር ወደ ምሥራቅ ወጥተን ወደ ኤረር ሸለቆ እንወርዳለን። ኮምፓስ የያዘው እርሱ ከሆነ ቡድናችን ቶሎ ገብቶ ይተኛል። ሌላው ከያዘው ግን እሾህና ገደል ውስጥ ስንዳክር ይነጋል። ያን ሸለቆ በእግሩ ያውቀዋል፤ የትኛው ሸንተረር ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ፣ በጋ ላይ ውኃ የት እንደማይጠፋ ሳይቀር።

በ1965 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ ቃለ መሐላ ፈጽመን በምክትል መቶ አለቅነት ተመረቅን። በዓመቱ አብዮት መጣ። ከኮርስ ጓደኞቻችን አንዳንዱ ከአብዮቱ ጋር ተሰለፈ፣ አንዳንዱ ታሰረ፣ አንዳንዱ አገር ለቆ ወጣ። እርሱ ግን በፖለቲካው ገበያ ውስጥ አልገባም፤ ከወታደሮቹ ጋር ቀረ። የመጀመሪያ መቶውን ከተረከበ ጀምሮ ጥቁር የላስቲክ ልባስ ያላት ደብተር ከኪሱ አትለይም ነበር። በደብተሯ ውስጥ በሥሩ ያለ እያንዳንዱ ወታደር ከነአባቱና ከነአያቱ ተመዝግቧል። የትውልድ ቦታው፣ የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ «ቢወድቅ ለማን ይነገር» የሚል አለ። አንዳንዱ የእናቱን ስም አስጽፏል፣ አንዳንዱ የሚስቱን፤ ዘመድ የሌለው አንድ ምልምል ያስተማሩትን የቄስ ትምህርት መምህሩን አስጽፎ ነበር። የሰው ኃይል መዝገብ በመምሪያው እያለ ለምን እንደሚደክም ስጠይቀው፣ «የመምሪያው መዝገብ ለደመወዝ ነው፤ ይሄ ለመርዶ ነው» አለኝ።

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ ሁለታችንም ምሥራቅ ግንባር ነበርን። በነሐሴ ድሬዳዋ ተጠቃች። በመስከረም 1970 ጅጅጋ ወደቀች፤ ካራማራም በጠላት እጅ ገባች። ከዚያ በኋላ የቀረው ሐረር ነበር። ለወራት የሐረር ነዋሪ የመድፍ ድምፅ እየሰማ ተኝቶ የመድፍ ድምፅ እየሰማ ነቃ። እንደ ዕጩ መኮንን በባዶ ጥይት የተለማመድንበት የኤረር ሸለቆ እውነተኛ የጦር ሜዳ ሆነ። ጓደኛዬ የመቶ አለቃ ማዕረግ እንደያዘ ሻምበል ያዝዝ ነበር፤ ሸንተረሩን እንዲይዝ የተመደበው አገሩን የሚያውቅ መኮንን ነው ተብሎ ነው።

የወደቀው በኅዳር 1970፣ ከባቢሌ ወዲህ ነው። ሬዲዮ የሚያወራለት ዓይነት አሟሟት አይደለም። ጎህ ሲቀድ ከምሽግ ምሽግ እየዞረ ሰው ሲቆጥር የሞርታር ፍንጣሪ አገኘው። ከሻምበሉ ሦስት ወታደሮች እዚያው ሸንተረሩ ግርጌ ቀበሩት፤ መሣሪያውንና ደብተሯን ይዘው ወረዱ። ከሦስቱ አንዱ ቆስሎ ሐረር ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ደብተሯን ለእኔ ሰጠኝ። ገልጬ ሳያት ከወደቁት ወታደሮች ስም ትይዩ ትንሽ መስቀል ወይም ጨረቃ፣ ከጎኑም ቀን ተጽፏል። ከጥቂቶቹ ጎን ደግሞ «ደብዳቤ ተጽፏል» ይላል። የራሱ ስም ግን የለበትም። ሻምበሉን ሁሉ መዝግቦ ራሱን አልመዘገበም።

በጥርና በየካቲት መልሶ ማጥቃት ተጀመረ፤ የኩባ ወታደሮችም ከጎናችን ተሰለፉ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። ያን ቀን ዛሬም በየዓመቱ የካራማራ ድል ብለን እናከብረዋለን፤ ልናከብረውም ይገባል። ነገር ግን ድሉ እስኪመጣ ሐረርን ይዘው የቆዩት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ በየሸንተረሩ የቀሩት ሰዎች በዚያ በዓል ላይ በጅምላ «ሰማዕታት» ከመባል አልፈው በስም ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም።

ለቤተሰቡ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ደብተሯንም ሰጠኋቸው። ይሁን እንጂ በኋላ ከአንድ መሥሪያ ቤት የደረሳቸው ወረቀት «ደብዛው የጠፋ» ይል ነበር። እናት ከሁለት ወሬ መካከል ተስፋ ያለውን ነው የምትመርጥ። እናቱ የእኔን ቃል ትተው ማኅተም ያለውን ወረቀት ያዙ። ለቅሶ አልተቀመጡም፣ ተዝካር አላወጡም። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ ተስማምተው ምርኮኞች ሲለዋወጡ ፎቶውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ከጎሬ አዲስ አበባ ድረስ መጡ። እንደ ተዋጊ አብራሪው ለገሰ ተፈራ ያሉ ከ11 ዓመት እስር በኋላ የተመለሱ ሰዎች ነበሩና ተስፋቸው የእብደት ተስፋ አልነበረም። ከእስር የተመለሰውን ሁሉ ፎቶውን እያሳዩ ጠየቁ። ያየው አልተገኘም። ከዚያም በኋላ ቢሆን እርማቸውን አላወጡም፤ ሲጠብቁ ሞቱ።

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንድ ሰው ደብዛው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ ይመለከተኛል የሚል ሰው መጥፋቱን ፍርድ ቤት እንዲያውጅለት መጠየቅ ይችላል። ሕጉ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ሕግ አውጪው ሰው ሁለት ዓመት ከጠበቀ በኋላ ቁርጡን የማወቅ መብት እንዳለው ያን ጊዜ ተረድቶ ነበር። እነዚህ ቤተሰቦች ግን ወደ ሃምሳ ዓመት ጠብቀዋል። የጎሬ ገበሬ ሚስት ፍርድ ቤት ሄዳ ልጇ እንዲሞትላት ታመልክት ማለትም አይቻልም። ይህ ልጁን የወሰደው ክፍል ሥራ ነው።

ክቡራን፣ ስም መመዝገብ ከአቅማችን በላይ ነው እንዳይባል ሌሎች ያደረጉትን ላንሳ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት የቃኘው ሻለቆች ከ120 በላይ ሰው አጥተዋል። ደቡብ ኮሪያ ቡሳን ከተማ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የመታሰቢያ ግንብ ላይ የእነዚህ ኢትዮጵያውያን ስም ከሌሎች አገሮች ሙታን ስም ጋር ተቀርጿል። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወደቁ የእንግሊዝና የቅኝ ግዛቶቿ ወታደሮች መቃብር በየስማቸው ተለይቶ፣ ሣሩ ታጭዶ ይጠበቃል። በ1977 ዓ.ም. በቸርችል ጎዳና የቆመው የትግላችን ሐውልትም በምሥራቁ ጦርነት ከእኛ ጋር የወደቁ ኩባውያንን ምስል ይዟል። እንግዲህ ለኮሪያ የሞተው ኢትዮጵያዊ ስም አለው፤ ለኢትዮጵያ የሞተው ኩባዊ መልክ አለው። ለሐረር የሞተው የጎሬ ልጅ ግን ስምም መልክም የለውም። ይህን ለውጭ አገር ሰው ማስረዳት አልችልም፤ ለእኅቱም ማስረዳት አልቻልኩም።

የሚነሱትን መልሶች ከወዲሁ አውቃቸዋለሁ። እኅቱ በአንድ ወቅት አንድ ቢሮ ሄዳ ስትጠይቅ «የድሮው ሠራዊት ፋይል እኛ ጋ የለም» ተብላ ተመልሳለች። ሊሆን ይችላል። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ሰውም ወረቀትም ተበትኗል። ሆኖም የሞተ ሰው በአንድ ፋይል ብቻ አይኖርም። የደመወዝ ዝርዝር አለ፣ የጡረታ ማኅደር አለ፣ የምረቃ መዝገብ አለ። አላጌ በነበረው የሕፃናት አምባ ያደጉ የተሰዉ ወታደሮች ልጆች አሉ፤ አባቶቻቸው እነማን እንደሆኑ ያውቃሉ። ከሁሉም በላይ እኛ አለን። በአንድ ሻምበል ውስጥ ከነበሩት ሁለትና ሦስት ሰዎች በሕይወት ካሉ፣ የወደቀውን፣ የወደቀበትን ቦታና ወር ይናገራሉ። የምንኖረው ግን ለብዙ ጊዜ አይደለም። ከኮርሳችን በየዓመቱ ወደ ቀብር እንጠራለን፤ ወደ ሠርግ መጠራት ካቆምን ሰንብተናል። ስለዚህ መዝገቡ ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።

ሌላው መልስ «የደርግ ወታደር» የሚለው ነው። ብዙ ዓመት ይህች ስም በአደባባይ ስትወረወርብን ኖራለች። ጓደኛዬ ሲመረቅ ደርግ የሚባል አልነበረም፤ ሲሞት ደግሞ የቆመው የውጭ ጦር ሐረር እንዳይገባ ነው። ያን ዘመን የገዛው መንግሥት በአዲስ አበባና በክፍለ አገር ያፈሰሰውን ደም እኔም አውቀዋለሁ፤ ከገዛ ኮርሴ በዚያ መንግሥት ትእዛዝ የተገደሉ አሉ። የመንግሥት ጥፋት በመንግሥቱ ይጠየቅ። ወታደሩን ግን መሬት ከበላው በኋላ ሁለተኛ አንቅበረው። ከናቅፋ ተራሮች እስከ አፋቤት፣ ከሽሬ እስከ ምጽዋ በወደቁት ላይም ቃሌ ይኸው ነው። እዚያ ያለው ታሪክ ከካራማራ ይልቅ ያከራክራል፤ ወንድም ከወንድም የተዋጋበት ነውና። ክርክሩ ግን ስለ ጦርነቱ ነው እንጂ የሞተው ሰው እናት ቁርጧን ትወቅ ወይስ አትወቅ በሚለው ላይ አይደለም።

«ቁስል ትቀሰቅሳላችሁ» የሚሉም ይኖራሉ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በትግራይ ከሰሜኑ ጦርነት የተረፈው ሕዝብ መርዶው በይፋ ተነግሮት የሦስት ቀን ሐዘን ተቀምጧል። መራራ ነበር። ግን ያን ሐዘን የተቀመጠ ቤተሰብ ከዚያ በፊት ጤነኛ አልነበረም፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጥ የነበረ ቤተሰብ ነው። ሰው የሚድነው እርሙን ሲያወጣ እንደሆነ አገራችን ከሕግም ከሳይንስም በፊት ታውቀዋለች። ለቅሶ፣ ሰልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት የተሠሩት ለዚህ ነው።

በእነዚህ ምክንያቶች የሚከተሉትን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ሠራዊቱ ከተመሠረተበት ጊዜ አንስቶ እስከ 1983 ዓ.ም. በግዳጅ ላይ የወደቁትን የሚመዘግብ አንድ ክፍል ይቋቋም። መዝገቡ ስም ከነአያት፣ ማዕረግ፣ የጦር ክፍል፣ የወደቁበት ግንባርና ቀን ይያዝ፤ የተጠናቀቀው እየተጠናቀቀ በየምዕራፉ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ሁሉም እስኪሟላ ይቆይ ከተባለ አንዱም አይወጣም።

ሁለተኛ፣ ሰነድ በጠፋበት የምስክር ቃል ይታመን። በአንድ የጦር ክፍል አብረው የነበሩ ሦስት ሰዎች የፈረሙበት ቃል ለመዝገቡ እንዲበቃ ደንብ ይውጣለት። አረጋውያን ቢሮ ለቢሮ እንዳይንከራተቱም ቃሉ በየክልሉ ይሰብሰብ።

ሦስተኛ፣ «ደብዛው የጠፋ» በሚል የቀሩት እንደገና ይታዩ። መሞታቸው የተረጋገጠ ለቤተሰባቸው በደብዳቤ፣ ከተቻለም በአካል መኮንን ተልኮ ይነገር። መርዶ የሚነገርበት ወግ አለን፤ በማለዳ፣ በዘመድ ፊት፣ በሚከበር ሰው አፍ ነው። መንግሥትም ይህን ወግ ይጠብቅ።

አራተኛ፣ መኮንን ብቻ አይመዝገብ። እኔ ስለ መኮንን የጻፍኩት የማውቀው እርሱን ስለሆነ ነው። በ1969 ዓ.ም. ከእርሻው ተነሥቶ ታጠቅ ጦር ሠፈር ጥቂት ወራት ሠልጥኖ የዘመተው ሚሊሺያ የምረቃ ፎቶ እንኳ የለውም። መዝገቡ ከታች፣ ከተራው ወታደርና ከሚሊሺያው ቢጀምር እኔ አልቀየምም፤ ጓደኛዬም ቢኖር እንዲህ ይላል።

አምስተኛ፣ በሐረር አካዳሚው በቆመበት ቦታ የተመረቁና በጦር ሜዳ የወደቁ መኮንኖች ስም በየኮርሳቸው የሚቀረጽበት ግንብ ይሠራ። ወጪውን ምሩቃኑና ልጆቻቸው፣ በአገር ውስጥም በአሜሪካና በአውሮፓም ያሉት፣ ለማዋጣት ወደኋላ አይሉም። ከመንግሥት የሚጠበቀው ፈቃዱና የስም ዝርዝሩ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለምታነቡ የቀድሞ ሠራዊት አባላትም አንድ ቃል አለኝ። መንግሥት እስኪጀምር አትጠብቁ። አጠገባችሁ የወደቀውን ሰው ስም፣ ቦታውንና ወሩን ዛሬ በወረቀት ላይ አስፍሩ። ፈርሙበት፤ ለልጃችሁ ስጡ። የምትጠራጠሩትን «እጠራጠራለሁ» ብላችሁ ጻፉ፤ ያላያችሁትን አትጨምሩ። ጀግንነት ማስጌጥ አያስፈልግም። ሰው ሲቆጥር በሞርታር ፍንጣሪ የሞተ መኮንንም ግዳጁን ፈጽሞ ነው የሞተ። ለቤተሰቦችም፣ የያዛችሁትን ፎቶ፣ ደብዳቤና የደመወዝ ወረቀት አትጣሉ። ማስረጃው እርሱ ነው።

ክቡር ሚኒስትር፣ የሠራዊት አዛዦች፣ ዛሬ በአካዳሚ ያለ ዕጩ መኮንን ነገ ለአገሩ ሙት ሲባል የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ባይናገረውም ይጠይቃል፤ «ብወድቅ ለእናቴ ማን ይነግርልኛል?» ይላል። ለእርሱ የሚሰጠው አስተማማኝ መልስ ከእርሱ በፊት ለወደቁት የተደረገው ነው። የ1900ውን የልደት ቀን በክብር ተቀብላችኋል። ከዚያ ቀን ወዲህ የሞተላችሁንም ሰው ሁሉ በስሙ ተቀበሉት።

ከከፍተኛ አክብሮት ጋር

ከሐረር ጦር አካዳሚ የ1965 ዓ.ም. ምሩቃን አንዱ

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ለቀድሞ ሠራዊት አባላትና ቤተሰቦቻቸው፣ ባሉበት